ቀይ በአረንጓዴ ላይ

ፎቶ አንሺዋን ሰፈሩ «እትዬ ጨለማ» ነበር የሚላት። ፊልም የምታጥብበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ከዚያ ዓይኗን እያርገበገበች ስትወጣ ያዩ ቀልደኞች «ዛሬ ደግሞ ፀሐይን ልትተዋወቃት ነው» ይላሉ፤ እሷም ስቃ ታልፋለች። ሳቋ የሚጠፋው ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ሲመጣ ነው። «አውልቂለት፣ ፊቱን ይጋርደዋል» ትላለች እናቲቱን። የቤተሰብ ፎቶ ስታነሳ ደግሞ ሰዎቹን ትቆጥራለች፤ ፎቶው ሲታተምም መልሳ ትቆጥራለች። ሁልጊዜ አንድ ሰው የጎደለ ይመስላታል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ታናሽ እህቷ ሚጢ ነበረች።

እሷ በሃያ ዓመቷ አሁን በምትሠራበት ፎቶ ስቱዲዮ ሥራ ስትለማመድ፣ አጎቷ፣ ማለትም የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ የጡብ ፋብሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ እሁድ እናትየዋንና ሁለቱን ልጆች ጭኖ ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወሰዳቸው። ሚጢ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀይ ሹራብ ለብሳለች። ከሜዳው ባሻገር የጡብ አፈር የሚወጣበት ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል፤ ዙሪያውን ቁመተ ረጅም ቄጠማ ከልሎታል። አጎትየው ነዳጅ ሊቀዳ ሲሄድ ታላቂቱ እናቷን አንድ ፎቶ አነሳቻት፤ ከኋላዋ ቄጠማው ነበር። ካሜራውን ዝቅ ሳታደርግ እናቷ «ሚጢ የታለች?» አለች።

ሚጢ እንደወጣች ቀረች።

ስቱዲዮው የቀለም ፊልም ማጠብ እንጂ በቀለም ማተም አይችልም ነበር፤ ለዚያ ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ ወር መጠበቅ ነው። ፖሊስ ደግሞ ዛሬውኑ አምጡ አለ። ስለዚህ የስቱዲዮው ባለቤት ፊልሙን በጥቁርና ነጭ ወረቀት አተመው። ፖሊሱ ፎቶውን አገላብጦ አየና፣ ቄጠማ ብቻ ስለታየው፣ በኩሬው በኩል ማንም አልሄደም ብሎ ፈረደ። በዚያ ላይ አንዲት ሸቀጥ ሻጭ ቀይ የለበሰች ልጅ መኪናው ላይ ስትንጠላጠል አየሁ አለች። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ሁሉ መንገድ መንገዱን ሆነ። አጎትየው ሦስት ሳምንት ታስሮ፣ ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቀ። መኪና አምኖ የሚሰጠው ሰው ግን አላገኘም። ፋብሪካው አዝኖለት በግቢው ዘበኛ አደረገው። ከእህቱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ በለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ፊልሙን ታላቂቱ በቆርቆሮ ሳጥን ዘግታ አስቀመጠችው። ሃያ ሁለት ዓመት አልነካችውም።

ስቱዲዮው በስተኋላ ለእሷ ቀረ። ፊልም ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ ስትገዛ አሮጌ ሳጥኖችን አንድ በአንድ ማራገፍ ጀመረች። ያኛው ሳጥን ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ሁለት ቀን ዘለለችው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ጠፍቶ ብቻዋን ሳለች ፊልሙን ወደ መሣሪያው ከተተችው።

ለሙሽሮች ሁሌ የምትነግራቸው ነገር ነበር። በቀለም ፎቶ ኮንትራስት ማለት የብርሃንና የጥላ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ቀለምና ቀለምም ይጣላሉ። ቢጫ ሰማያዊ ላይ ይጮኻል፤ ቀይ አረንጓዴ ላይ ይነድዳል። ድምቀታቸው እኩል ከሆነ ግን፣ ቀለማቸውን ሲነጥቋቸው ሁለቱም አንድ ግራጫ ይሆናሉ፤ ማን የትኛው እንደነበር አይለይም። ይህን ሺህ ጊዜ ተናግራዋለች።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ሰማዩ፣ ከዚያ የእናቷ ፀጉር፣ ከዚያ አረንጓዴው ቄጠማ። ከእናቷ ግራ ትከሻ ጀርባ፣ ቄጠማው ውስጥ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ነገር አለች። አጎላቻት። ጀርባዋን የሰጠች ልጅ ነች፤ አንድ እጇ ቄጠማውን እየገለጠ ነው።

ወንበሩን ፈልጋ ሳታገኘው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሚጢ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እዚያው ቆማ የጠበቀቻት መሰላት።

አመሻሹ ላይ ፎቶውን በደረቷ ይዛ አጎቷ ዘንድ ሄደች። ከፋብሪካው መጋዘን በር አጠገብ በዘበኛ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን አጥልቆ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ቄጠማው ውስጥ ነች» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ወደ ኩሬው ነው የምትሄደው።» ቀና ብሎ መጋዘኑን አየ። «ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ኩሬ ሞልተው እኮ ነው ይሄን የሠሩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይዋ ላይ ተኝቼያለሁ ማለት ነው።»

ፎቶ አንሺዋ ይህን አላወቀችም ነበር። እጁን ያዘች።

በማግስቱ እናቷን ይዛ ተመለሰች። አሮጊቷ ፎቶውን አንድ ጊዜ ብቻ አዩና መልሰው ሰጧት። ወንድማቸው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ፤ እሱም ከተቀመጠበት ተነሳ። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«በደልኩህ» አሉት። «ጆሮዬን ለሰው አውሼ አንተን በደልኩህ።»

«ማን ያውቅ ነበር፣ እትዬ» አላቸው።

ፋብሪካው በብዙ ደጅ ጥናት ወለሉን ለማስቆፈር ፈቀደ። አራት ቀን ተቆፈረ። የወጣው እርጥብ ሸክላ አፈር ብቻ ነው። ውሃው ስለመጣ ከዚያ በታች አይቻልም አሉ፤ ወለሉም ተመልሶ ተደፈነ። እናትየዋ ግን አልተከራከሩም። ልጄ የት እንዳለች አውቄያለሁ አሉና፣ እሁድ እሁድ ወንድማቸው ዘንድ እየሄዱ አብረውት ይውላሉ። አንዳንዴ ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ።

ፎቶ አንሺዋ ያንን ምስል በትልቁ አላተመችውም፤ አልሰረዘችውምም። አንዳንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ትከፍተዋለች። ልጅቱ ዞር ብላ የምታያት እየመሰላት፣ ስክሪኑን ሳታጠፋ ለረጅም ጊዜ ትቀመጣለች።