ከብርጭቆው የወጣች ማሰሮ

ሰፈርተኛው ባለሣጥኗ ይላታል። ስሟን የሚያውቁት እናቷና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። በክልሉ ሙዚየም የምትሠራው ሥራ በአጭሩ ይህ ነው፤ ወደ ሙዚየም መምጣት ለማይችል ሰው ሙዚየሙን ትወስድለታለች። አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አላት። ውስጡ በፎጣ የተጠቀለሉ የድሮ ዕቃዎች አሉ፤ የበር ቁልፍ፣ የነጋዴ ሚዛን፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የሸክላ ማሰሮ። ሁሉም ቅጂዎች ናቸው። ዋናዎቹ ከሙዚየሙ ንቅንቅ አይሉም። እሷ ግን ቅጂዎቹን ይዛ ሆስፒታል ትገባለች፣ ማረሚያ ቤት ትገባለች፣ ሣጥኑን ትከፍትና፣ "በሉ ንኩት" ትላለች።

ይህ "ንኩት" የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ እኮ ያደግነው ታሪክ ፊት ስንቆም "እጃችሁን ሰብስቡ" እየተባልን ነው። እሷ ግን እጅ ያልነካውን ልብ ቶሎ ይረሳዋል ባይ ናት። የቁልፉን ጥርስ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ "የአያቴ ቤት እንዲህ ነበር የሚቆለፈው" ያለ እስረኛ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ማንም አያሳምናትም።

የሙዚየሙ ኃላፊ ግን አይስማማም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዕድሜውን የፈጀው ነገር እንዳይሰበር ሲጠብቅ ነው። "ሙዚየም የዓይን ቤት እንጂ የእጅ ቤት አይደለም" ይላል። በየስብሰባው ደግሞ፣ "አንድ ቀን ከዕቃዬ አንዱ ይነካና፣ ያን ቀን ሣጥንሽን ራሴ እቆልፈዋለሁ" ይላታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትሰማዋለች። ሣጥኑ ከተቆለፈ ለእሷ የሚቀራት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትኬት መቁረጥ ነው።

"ታሪካችን በደጃችን" የተባለው ወር የደረሰ ጊዜ ሙዚየሙ በማስታወቂያ ሥራ ተጠመደ። ለሰሌዳው ፎቶ የተመረጠችው ማሰሮዋ ነበረች። በክልሉ ምድር ተቆፍረው ከወጡት ሸክላዎች ሁሉ ሳትሰበር የተገኘች እሷ ብቻ ናት። ፎቶ አንሺው፣ "ዋናዋንም ቅጂዋንም አምጡልኝ፣ ከመብራቱ ጋር የምትስማማውን እመርጣለሁ" አለ። ሁለቱ ማሰሮዎች እንደ መንታ እህትማማች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቆሙ። ሥራው ሲያልቅ ጥበቃው አንዷን ወደ ብርጭቆ ማሳያው መለሰ፣ ሌላዋን ሣጥኑ ውስጥ አስገባ። ቅጂዋን ለመለየት ቂጧ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀብታለች። ግን ማን ገልብጦ ያያል? ባለሣጥኗም በማግሥቱ ማሰሮዋን እንደ ወትሮው በፎጣ ጠቅልላ ወጣች። የራሱን ዕቃ የሚጠራጠር ማን አለ?

የሄደችው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ ማሰሮዋን ከሁሉ የወደዷት አንዲት የድሮ አዋላጅ ነበሩ። ታቅፈዋት አልለቅ አሉ።

"ልጄ፣ ይቺን እስከ ነገ ተይልኝ።"

"ምን ሊያደርጉባት ነው እማማ?"

"ምን አደርግባታለሁ! እንግዳ ሳያድር ይሸኛል እንዴ?"

ባለሣጥኗ ሳቀችና ተወችላቸው። ቅጂ አይደለች? ብትሰበርም ሌላ ይሠራል።

እኩለ ቀን ላይ ሙዚየሙ ተመልሳ በትልቁ አዳራሽ ስታልፍ፣ እንደ ልማዷ ወደ ማሳያው ዞር አለች። ጎብኚ የማሰሮዋን ታች ማየት እንዲችል ከሥሯ መልክ ማያ መስታወት ተነጥፏል። መስታወቱ ውስጥ፣ ልክ እንደ ቀላ ዓይን፣ አንድ ቀይ ነጥብ ቁልጭ ብሎ ያያታል።

ታዲያ አዋላጇ የታቀፏት ዋናዋን ነው! ስልኳን አወጣች። የአረጋውያን ተንከባካቢዋ አነሳች።

"ማሰሮዋ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት እትዬ። ውሃ ቀድተንባት እየጠጡ ነው። እዚህ ያሉት ጡረተኛ ዳኛማ ሦስተኛ ብርጭቆአቸው ነው።"

"ውሃ?"

"ምነው፣ ማሰሮ አይደለች እንዴ?"

እውነትም ማሰሮ ናት። "በቃ፣ ማንም እንዳያነሳት" ብላ ባለሣጥኗ ስልኩን ዘጋችና ወደ ግቢው ሮጠች። ለኃላፊው አሁኑኑ መንገር እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን ማሰሮዋን በእጇ ሳትይዝ ምን ብላ ትጀምራለች?

"ወንድሜ፣ ቶሎ አስነሳ!" አለችው የሙዚየሙን ሾፌር።

"የታመመ ሰው አለ እንዴ እትዬ?"

"የለም። ግን ቀስ ብለህ ፍጠን።"

"ቀስ ብዬ ፍጠን? እንዲህ ያለ ማርሽ መኪናዋ የላትም።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ሽታ! መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፣ ውጭ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ክፍሉ ግን ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ስንት ዘመን ደርቃ የኖረችው ሸክላ ውሃ ጠጥታ አላባት። ሆዷ ላይ ጤዛ መሳይ ነገር አቸፍችፏል። አዋላጇ በነጠላቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋታል፤ ፊት ለፊታቸው ደግሞ ጡረተኛው ዳኛ ብርጭቆ ይዘው ቆመው እጀታዋን ጨብጠዋል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ማሰሮዋን ወረስሻት እንዴ? ልቀዳበት!"

"አንተ ዳኛ፣ ፊኛህ ሊፈነዳ ነው። ልቀቅ!"

"መጀመሪያ አንቺ ልቀቂ!"

ባለሣጥኗ ጩኸቷን አንቃ ያዘችው። አንድ ድንጋጤ፣ አንድ መዳፍ መልቀቅ፣ በቃ። ቀስ ብላ ተጠጋችና በሁለት እጇ ማሰሮዋን ከሥር ደገፈቻት።

"አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ እቀዳልዎታለሁ።"

ዳኛው እጀታውን ለቀቁ። እሷም ቀዳችላቸው። የክልሉን ብቸኛ ሙሉ ማሰሮ አዘንብላ ለአንድ ጡረተኛ ውሃ ቀዳች። ውሃው ሲንቆረቆር የሰማችው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። አዋላጇ ግን እጇን እያዩ ነበር።

"ምነው እንዲህ አጥብቀሽ ያዝሻት ልጄ?"

ነገረቻቸው። ሁሉንም። ዳኛው ብርጭቆአቸውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"እና... ቅርስ ነው የጠጣሁት?"

"ሦስት ብርጭቆ" አለች ተንከባካቢዋ። "ይሄኛው አራተኛ ነው።"

አዋላጇ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ መዳፎቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። "ይኸው። በዚህ እጅ ስንቱን ልጅ ተቀብያለሁ፣ አንድም አላመለጠኝ። ለማሰሮ አንሳለሁ?" አሉና በነጠላቸው እንደተጠቀለለች አቀበሏት፤ አራስ ልጅ እንደሚያስታቅፍ ሰው አንገቷን ደግፈው።

በመልስ ጉዞ ሾፌሩ አልቀለደም። እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዞረ ነዳ።

ኃላፊው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ቀዩን ነጥብ እሱም አይቶታል። ነጠላውን ገለጠ፣ አፏን አየ፣ እጀታዋን ዳሰሰ፣ ገልብጦ ታቿን መረመረ። ስንጥቅ የለም። እጁን አነሳና መዳፉን ተመለከተ።

"እርጥብ ናት።"

"አረጋውያኑ እስከ ነገ ትደርልን ብለውኝ ተውኳት፤ ውሃ ቀድተውባት ነበር። ጠጥተውባታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገልብጬ ማየት ነበረብኝ።"

በሐሳቧ ትኬት የምትቆርጥበትን ወንበር እያየች ነበር። ቀና ብላ ኃላፊውን አየችው። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም።

"አንጠበጠበች?" አለ።

"አንዲት ጠብታ አላመለጣትም።"

"ውሃው... ቀዝቅዞ ነበር?"

"ዳኛው ጥርሳቸውን ይዘው ነው የጠጡት።"

ያ ሁሉ ዘመን የጠበቃት ሰው ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። "ስንት ዓመት አብሬያት ኖርኩ፤ ውሃ ትይዝ እንደሆነ እኮ አላውቅም ነበር" አለ በቀስታ። ወዲያው ኃላፊነቱ ትዝ አለውና ተነሳ። "ከነገ ጀምሮ ሣጥኑ ሲወጣ እያንዳንዷን ዕቃ ትገለብጫለሽ፤ እኔ እያየሁ። ጥበቃውም እያየ። ሰማሽ?"

"ሣጥኑ... ይወጣል ማለት ነው?"

"ታዲያ ላይወጣ ነው? አረጋውያኑ እንግዳቸው እስከ ነገ ታድራለች ተብለው የለም እንዴ?"

ባለሣጥኗ ምሳ አለመብላቷ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ማሰሮዋ ለቀናት በጥላ ቀስ እያለች ደረቀች፤ አንድ ስንጥቅ ሳይወጣባት ወደ ማሳያዋ ገባች።

እርጥቧ ማሰሮ በተመለሰች ማግሥት ባለሣጥኗ ቅጂዋን ይዛ ወደ አረጋውያኑ ሄደች፤ ቀዩን ነጥብ መጀመሪያ በር ላይ ለሁሉም አሳየች። ውሃ ቀዱ። ዳኛው አንድ ጉንጭ ጠጡና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ይቺ ሐሰተኛ ምስክር ናት! ለብ ያለ ውሃ! ይግባኝ እላለሁ።"

ባለሣጥኗ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ እስኪፈስ፣ ሆዷን ይዛ። ዳኛው ደግመው ሊናገሩ ሲሉ አዋላጇ እጃቸውን አንስተው ገቷቸው።

"አንተ ዝም በል፤ ትሳቅ ልጅቷ። የትናንቱንም ጨምራ ትሳቅ።"