ስሪላንካ የማሳልፈው የዓመት ፈቃዴ

ማዳሜ ዛሬ ጠዋት «ያላ፣ ሻንጣ አዘጋጂ! ስሪላንካ ልንሄድ ነው፤ አንቺም አለሽበት!» አለችኝ።

ክው አልኩ። በሚቀጥለው ወር አገሬ ገብቼ ልጄን ልድር ነበር።

«ማዳም፣ የልጄ ሰርግስ? ፈቃዴስ?»

«ይኸው ፈቃድሽ! ባሕር አለ፣ ዝሆን አለ። ሌላ ፈቃድ ማፊ፣ የለም!»

ትልቋ የማዳም ልጅ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «ስሪላንካ በትንሽ ገንዘብም መዝናናት ይቻላል ይላል» አለችን።

እውነት ነው። እኔማ በነፃ ነው የምሄደው፤ የሚያስከፍለኝ የልጄን ሰርግ ብቻ ነው።

ሥራም የለብኝም። ሦስት ልጆች ማጠብ፣ ማብላት፣ ማስተኛት፣ ከዝሆን መጠበቅ፣ በቃ።

እዚሁ ዓረብ አገር ቦሻርና አል አንሳብ ሰፈር በሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ እናንተስ የሰው ልጅ አዝላችሁ የት የት አገር «አረፋችሁ»? ጻፉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ቀስ ብዬ ሁሉንም አነባለሁ።