ጫኔና ሞተር ያለው የብረት ልብስ

የአሰብ ወደብ ተሸካሚዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ሁለት አሸካሚዎች ጆንያውን ግራና ቀኝ ይዘው ያነሡና በተሸካሚው ጀርባ ላይ ያስቀምጡታል፤ እጃቸውን ግን ወዲያው አይለቁም። "እንዴት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ተሸካሚው "ቀላል ነው!" ሲል ይለቃሉ፣ እሱም መንገዱን ይቀጥላል። ጆንያው ስንዴም ይሁን ማዳበሪያ፣ ሰውየው ጤነኛም ይሁን ወባ ያንቀጠቀጠው፣ መልሱ ያው ነው። "ከባድ ነው" ያለ ሰው ቢገኝ ጆንያው በክብር ይወርድለታል፣ ክፉ ቃል የሚናገረውም የለም። በማግስቱ ግን የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ መጥረጊያ ያስጨብጠዋል። ከዚያ በኋላ መጋዘን ውስጥ የፈሰሰ እህል እየጠረገ ይኖራል እንጂ ወደ ሰልፉ አይመለስም።

ይህን "ቀላል ነው" የሚል ቃል እንደ ጫኔ አሳምሮ የሚናገረው አልነበረም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ። በወጣትነቱ በሰሜን ግንባር የሞርታር መቀመጫ ብረት ተሸክሞ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ፣ ግራ ጉልበቱን ተመትቶ በቦርድ ተሰናበተ። በዘመዱ ከባድ መኪና ተሳፍሮ አሰብ ወረደ፣ ዓለምዘውድን አገባ፣ እዚያው ቀረ። መንግሥት ተለወጠ፣ ባንዲራ ተለወጠ፤ ስንዴው ግን ከመርከብ መውረዱን አላቆመም፣ ጫኔም መሸከሙን። ጉልበቱ ግን ማበጥ ጀምሮ ነበር። ካቦው ዓብዱልጀሊል ይህን አይቷል።

"ጫኔ፣ ወላሂ ያ ጉልበትህ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል" አለው አንድ ቀን። "ሁለት ወር ልታገስህ። ከዚያ በኋላ መጥረጊያ ነው፣ አትቀየመኝ።"

መጥረጊያ ማለት ለጫኔ ከሞት ትንሽ ሻል ያለ ነገር ነው። እንዲህ ተጨንቆ ሳለ ነው፣ በ1988 መጀመሪያ ላይ፣ ኢንጂነር ክብሩ መጥቶ ጭንቅላቱን ያዞረው።

ክብሩ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የአሰብ ልጅ ነው። ከወደቡ አጥር ጀርባ ጋራዥ ነበረው። ቀን ቀን የከባድ መኪና ፖምፓና ክሪክ ይጠግናል፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ደግሞ አንድ የውጭ መጽሔት ላይ ያየውን ነገር ለመሥራት ይታገላል። ያየው ወታደር የሚለብሰው የብረት ልብስ ነው። ልብስ ይባል እንጂ ቁልፍም ኪስም የለው፤ ከእግር ጫማ እስከ ትከሻ የሚደርስ የብረት አጽም ነው። በየመገጣጠሚያው ከአሮጌ ፎርክሊፍት የተፈታ በዘይት ግፊት የሚሠራ ክንድ አለው፣ ጀርባው ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ታስሯል። ብቻውን ስድሳ ኪሎ ይመዝናል።

"ጋሽ ጫኔ፣ የምፈልገው ከባድ መሣሪያ ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሰው ነው" አለው። "ይህን የለበሰ ወታደር አንድ ኩንታል ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ቢሄድ አይደክመውም።"

ጫኔ ብረቱን ዞሮ ዞሮ አየው።

"እኔ እሱን እሸከማለሁ፣ እሱ ደግሞ ኩንታሉን ይሸከማል?"

"አይደለም። እሱ ራሱንም፣ ኩንታሉንም፣ አንተንም ይሸከማል።"

"እኔን ከተሸከመኝ የሚሄደው ማነው?"

"አንተው ነህ።"

ጫኔ ራሱን አከከ። "ቤንዚኑ ሲያልቅስ?"

"ከኋላ መኪና ይከተላል።"

"መኪና የሚሄድበት መንገድ ከሆነማ ኩንታሉን መኪናው ላይ አንጭነውም እንዴ?"

ክብሩ ፈገግ አለ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይጠብቅ አልቀረም። "መኪና የማይወጣው ተራራ ላይ ነው የሚጠቅመው። እዚያ ቤንዚኑን ሌላ ወታደር ይይዛል።"

"እሱስ ምን ለብሶ?"

"እሱም ይህንኑ ለብሶ።"

"የእሱን ቤንዚንስ ማን ይዞለት?"

ኢንጂነሩ መፍቻውን አንሥቶ ያልላላ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ከዚያ ግን የጫኔን ልብ የሚነካ ነገር ተናገረ። ከዐረብ አገር እንግዶች ይመጣሉ፤ ልብሱን ከወደዱት ሥራው ይሰፋል፣ ጫኔም እዚያው ጋራዥ ውስጥ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል። ጆንያ የለም፣ መጥረጊያም የለም። ጫኔ ከዚህ በኋላ ስለ ቤንዚን አልጠየቀም።

ሙከራው በየማለዳው፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ከጋራዡ ኋላ ባለው አሸዋ ላይ ሆነ። ሞተሩ ሲነሣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጫኔ እግሩን ሊያነሣ ገና ሲያስብ ብረቱ ቀድሞት ያነሣል፤ ሊያሳርፍ ሲል ደግሞ ብረቱ ይዘገያል። ከማይስማሙት ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደ መጨፈር ነው። ሆኖም አንዳንዴ፣ አሥር ያህል እርምጃ ለሚሆን ጊዜ፣ ሁለቱ ይገጥሙና የታመመ ጉልበቱ ሕመሙን ይረሳዋል። ያኔ ጫኔ እንደ ሕፃን ይስቃል። ወዲያው ደግሞ ማሰሪያው ትከሻውን ይበላዋል፣ የሞተሩ ግለት ወገቡን ይጠብሰዋል፣ ሳቁም ይቆማል።

ሙከራው ባበቃ ቁጥር ክብሩ ደብተሩን ይዞ ይቀርባል። "እንዴት ነው?"

"ቀላል ነው!"

ክብሩ ይጽፋል፣ በማግስቱም ክብደት ይጨምራል። ምስኪን ኢንጂነር፤ የዘይት ግፊት ለክቶ ያውቃል እንጂ የተሸካሚ አፍ ለክቶ አያውቅም። ጫኔም ቢሆን ልዋሽ ብሎ አልነበረም። ጀርባው ላይ ሸክም ተቀምጦ "እንዴት ነው?" ሲባል ምላሱ ከሱ አእምሮ ጋር አይመክርም።

በወደቡ ወሬው ተሰማና "ጫኔ ሁለተኛ አገባ፣ የብረት!" ብለው ሳቁበት። ዓለምዘውድም ሰምታ ኖሮ፣ ማታ ትከሻው ላይ የተላጠውን ቆዳ ቅባት እየቀባች ጠየቀችው።

"ለመሆኑ ይከብዳል ወይስ አይከብድም?"

"አላውቅም።"

"የተሸከምከው አንተ፣ የማታውቀው አንተ!"

"የሚሸከመው እሱ ነው ይላል ኢንጂነሩ።"

"ታዲያ ትከሻው የተላጠው የማን ነው?"

ጫኔ የተላጠ ትከሻውን ዳበሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ግራ ገብቶት ነበር። ለወታደር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ትልቁን ጥያቄ ተዉት፤ ከራሱ ጀርባ ላይ ያለውን ነገር እንኳ ቀለለ ከበደ ብሎ መፍረድ አቃተው። ቢከብድ ለምን ጉልበቱ ዝም ይላል? ቢቀል ለምን ቤቱ ሲደርስ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል?

ሠላሳ ስምንት ሙከራ ተደረገ፣ ሠላሳ ስምንት ጊዜ "ቀላል" ተጻፈ። ከዚያ እንግዶቹ በአውሮፕላን መጡ። ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ጎልማሶች፣ አንደኛው ሽበታም ሽማግሌ፣ በዱላ የሚሄድ የቀድሞ መኮንን። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሆኖ አሸዋው መንደድ ጀምሯል። ዓብዱልጀሊልና የጫኔ ጓዶች በአጥሩ ቀዳዳ ተሰልፈው ያያሉ። ጫኔ ብረቱን ለበሰ፣ ኩንታል ተጫነለት፣ ሞተሩ ተነሣ።

ሃያ እርምጃ በሰላም ሄደ። ጎልማሶቹ አጨበጨቡ። በሠላሳኛው ላይ ሞተሩን ሳል ሳል አለው፤ ካርቡራተሩ በግለቱ ቤንዚን ነሥቶት ኖሮ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈና ጠፋ።

ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ ዘይቱ ሲቆም ብረቱ ይደርቃል። ጫኔ ጉልበቱ ግማሽ እንደታጠፈ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ቀረ። ወደፊት መሄድ የለ፣ መቀመጥ የለ፣ መውደቅ እንኳ የለ። ክብሩ ሮጦ መጣና መቆለፊያዎቹን ሊፈታ ሲነካቸው እጁን አቃጠሉት፤ ፒንሳ ሊያመጣ ወደ ጋራዡ በረረ። በዚህ መሐል ሽማግሌው ከጥላው ወጥቶ በዱላው እያነከሰ ቀረበ። ዱላውን ጣለ፣ ሁለት እጁን ከኩንታሉ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ገፋ አደረገና የጫኔን ዐይን ዐይኑን እያየ በዐረብኛ ጠየቀው።

"ከባድ ነው?"

ጫኔ የወደብ ዐረብኛ ያውቃል። ጥያቄው አይደለም ያስደነገጠው፣ እጆቹ ናቸው። ከሸክሙ ሥር ሆነው ቃሉን የሚጠብቁ እጆች። "ቀላል ነው" ቢል ይለቃሉ።

ጫኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ለቋል። በሰሜን ግንባር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሞርታሩን ቱቦ በጓደኛው በበዛብህ ትከሻ ላይ አስቀምጦ "እንዴት ነው?" ብሎት ነበር። በዛብህ ለሦስት ቀን ሆዱን ታሞ ከንፈሩ ነጥቷል፤ ጫኔ ይህን እያየ ነው የጠየቀው። በዛብህ "ቀላል ነው" አለው። ጫኔም እጁን ለቀቀ። አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ በዛብህ ድንጋይ ተደግፎ ቁጭ አለ፣ አልተነሣም። ጥይት አልነካውም ነበር።

በአጥሩ ቀዳዳ ጓዶቹ ያዩታል። ክብሩ ፒንሳውን ይዞ ደርሷል፤ ዐይኖቹ "እባክህ" ይላሉ። ጫኔ ጋራዡን አሰበ፣ መጥረጊያውንም አሰበ።

"ከባድ ነው" አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "ከባድ ነው። አትልቀቁኝ።"

ሽማግሌው አልለቀቀም። ክብሩ መቆለፊያውን ሁሉ ፈትቶ እስኪጨርስ ድረስ ደግፎ ቆየ። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ በመጡበት አውሮፕላን ተመለሱ።

በማግስቱ ዓብዱልጀሊል መጥረጊያውን ሰጠው። ጫኔም ተቀበለው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አንገቱን ቀና አላደረገም፣ እፍረቱ አንገበገበው።

በሦስተኛው ቀን ክብሩ ደብተሩን ይዞ ወደ መጋዘኑ መጣ። ተቆጥቷል።

"ሠላሳ ስምንት ጊዜ ዋሸኸኝ፣ ጋሽ ጫኔ!"

"አልዋሸሁም፣ ኢንጂነር። እንዲያ ነው የሚባለው።"

"እንዲያ ነው የሚባለው? አንተን አምኜ ሌላ ሰው ባለብሰውስ? ተራራ ላይ፣ ማንም በሌለበት ቢቆምበትስ?"

ጫኔ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። "እሱን ነው እኔም ያሰብኩት።"

ክብሩ ቁጣው በረደለትና የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። "እሺ፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ። ሞተሩ ሲሠራስ? ያኔም ከባድ ነበር?"

"አላውቅም። አንዳንዴ እንዳልለበስኩት ይሆንልኛል። አንዳንዴ ሁለት ሰው የተሸከምኩ ይመስለኛል። ግራ ገብቶኛል። ብቻ ቀላል ያልኩትን ሁሉ ይሰርዙልኝ።"

ክብሩ ብዕር አወጣና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። የአንዱን ቀን እያነበበ ይጠይቃል፤ ጫኔ ያስታውሳል፤ "ትከሻዬን በላኝ" ይላል፣ "ጉልበቴ ደህና ነበር፣ ወገቤ ተቃጠለ" ይላል፣ "ይኼኛውን ረስቼዋለሁ" ይላል። ሠላሳ ስምንቱም ሲያልቅ ከወደቡ የምሳ ፊሽካ ተነፋ።

ክብሩ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ጫኔ እጁን ገጹ ላይ አደረገበት።

"አንድ የቀረ አለ።"

"የስንተኛው ቀን?"

"ከዚህ ልብስ በፊት ነው። በዛብህ ይባላል። ቀላል ነው ብሎኝ እጄን ለቀቅሁ።"

ክብሩ በዛብህ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። አዲስ ገጽ ገለጠና ስሙን ጻፈ፤ ከስሙም ቀጥሎ "ከባድ" ብሎ ጻፈለት።