የሰዓዳ ጁዝ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ኢክራም ከሐይቅ ከተማ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው በቡድን አንብባችሁ ለክፍሉ አቅርቡ ያላቸው ልቦለድ አስጨንቋታል። መጽሐፉንም አከለችልኝ። እዚህ ጅዳ፣ የአሱርን ሶላት ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ስልኬን ከፈትሁ፤ የሽፋኑን ሥዕል ሳየው አወቅሁት። ግራጫ ግድግዳ ነው። ልብ ብሎ ላየው ግን ግድግዳው ላይ የበር ቅርፅ አለ።

ያ መጽሐፍ እኛም እጅ ገብቶ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ሳለን። ገና ስላልመጣ ክፉ ዘመን የሚያወራ ልቦለድ ነው። ያኔ የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ፣ የቲቸር የራሱ፣ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ልብስ የሚሸት፣ ሙጫው ለቅቆ ገጹ ከጥራዙ የተላቀቀ። ለአራት ሰጠንና "ሁላችሁም አንብባችሁ ነው፤ ላንዱ አሸክማችሁ እንዳትመጡ" አለን። አራቱ እኔ፣ አንድ ዴስክ የምንቀመጠው ሰዓዳ፣ ቀልደኛው ጀማል፣ እና በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል የሚኖረው፣ ከትንሽነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ያደገው ጌትነት ነበርን። ጀማል እኔን "ሐጂት"፣ ጌትነትን "አባ" ነበር የሚለን።

አንድን መጽሐፍ አራት ሰው እንዴት ያነበዋል ብለን ስንጨነቅ፣ ሰዓዳ "ምን ያስጨንቃል? እንደ ኸትም ጁዝ ጁዝ እንያዘው" አለች። እኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቁርኣኑን በሠላሳ ክፍሉ፣ ጁዝ ጁዝ፣ ይከፋፈለዋል፤ ሁሉም ድርሻውን ባንድ ጊዜ ያነባል፣ ይቀራል፤ በአንድ መቀመጫ ሙሉው ይኸተማል። እኔ ደነገጥሁ።

"አስተግፊሩላህ በይ። ልቦለድ እንደ ቁርኣን ይከፈላል?"

"እኛ የምንፈልገው ማርኩን ነው፤ የአላህን አጅር ማን ጠየቀ?" ብላ ሳቀች።

ገጾቹን አራት ቦታ ለየቻቸው። የመጀመሪያውን ለጀማል፣ ቀጥሎ ያለውን ለእኔ፣ ሦስተኛውን ለጌትነት ሰጠች። መጨረሻውን በሻሿ ጠቅልላ ያዘችው። "መጨረሻውን የምነግራችሁ እኔ ነኝ፤ እስከዚያ ታከብሩኛላችሁ" አለችን።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ተገናኘን። ነፋሱ የተጠበሰ ዓሣና የእርጥብ ፊላ ሽታ ያመጣ ነበር። ሰዓዳ አልመጣችም። እሷን ሳንጠብቅ ጀመርን።

"አንዲት ሴትዮ አለች" አለ ጀማል። "ታናሽ እህት አለቻት። ዘፈን የምትወድ፣ ሳህን የምትሰብር፣ ቤቱን የምታምስ።"

"እህት የላትም" አልሁት።

"ሐጂት፣ አላት እያልሁሽ። ግማሹ ወሬ የእሷ ነው።"

"ወላሂ የላትም። መዝገበ ቃላት ይዤ ነው ያነበብሁት። ሴትየዋ ብቻዋን ትበላለች፣ ብቻዋን ትተኛለች። ጎረቤት ይመጣል ይሄዳል። እህት የሚል አንድም ቦታ የለ።"

"እንግዲያ ቲቸር የሁለት መጽሐፍ ገጽ ደባልቆብናል።"

ጌትነት እስከዚያ ሣር ይነጭ ነበር። "የኔ ላይ" አለ ቀስ ብሎ፣ "በዚያ አገር ሰው ሲወሰድ የክፍሉን በር በግድግዳው ቀለም ይቀቡታል። ከዚያ ወዲያ ስለሱ መጠየቅ ክልክል ነው። ሴትየዋ ግድግዳውን በእጇ ስትዳብስ የኔ ድርሻ ያልቃል።"

እህትየዋ የእኔ ድርሻ ሳይጀምር ተወስዳ ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ሳነብ አንዲት ሰው መጉደሏን አላወቅሁም።

"ሴትየዋ በሩን ታንኳኳ ይሆን?" አለ ጀማል። "መጨረሻው ሰዓዳ ጋ ነው። ሰዓዳ ደሞ ሄዳለች አሉ።"

"ወዴት?"

"ወዴት ይባላል? እንደ ሰዉ ነዋ፤ በጅቡቲ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ዓረብ አገር።"

እዚያው አጠገባችን ውጫሌ ገበያ ወጣች እንደሚባል ነበር አነጋገሩ። እኔም ከሰኞ ጀምሮ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ አሟት ይሆናል ብዬ ነበር። ጌትነት ሣሩን ጣለው።

"ቲቸር ሰኞ ስም ሲጠራ 'የለችም' አልነው። ማክሰኞም እንዲሁ። ሐሙስ ስሟን ዘሎ አለፈ። ከእኛ ውስጥ ማን ጠየቀ?"

ጀማል ገጾቹን መሰብሰብ ጀመረ።

"የኔታ ጋ ቢሆን፣ አንድ ልጅ ሲቀር ሂዱና ደጁን አንኳኩ ይሉን ነበር" አለ ጌትነት።

በዚያ ዓመት ከክፍላችን የሄዱትን ልጆች በስም ልንጠራ ሞከርን። የአንዳንዶቹ ስም ጠፋን። ከፊታችን ተቀምጠው እስክሪብቶ ያዋሱን ልጆች ናቸው። መጽሐፉን ይዘን በዚያ አገር ሰዎች ጭካኔ ስንገረም ቆይተናልና እርስ በርስ መተያየት አፈርን።

ተነስተን የሰዓዳ እናት እመት ዘሐራ ዘንድ ሄድን። በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማሽላ ያበጥሩ ነበር፤ የክፍሏን ልጆች ሲያዩ ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

"ደወለች? ትምህርት ቤት ደወለችላችሁ?"

እኛ እኮ እናቷ ታውቃለች ብለን ነው የመጣነው። ጌትነት እንደ ምንም "ኧረ እኛ ደረሰች ወይ ብለን አንቱን ልንጠይቅ ነው" አላቸው።

እመት ዘሐራ መደቡ ላይ ተቀመጡ። "ጎረቤቱ 'እንኳን ተሳካላት' እያለኝ ያልፋል፤ ደረሰች ወይ ብሎ ደጄን የረገጠ እናንተ ናችሁ። ልማር ብላ ዩኒፎርሟን ለብሳ ነው የወጣችው። መሄዷን የሰማሁት ከሰው ነው። በሻሽ የተጠቀለለ ወረቀት ብብቷ ሥር ይዛ ነበር፤ የምን ይሆን?"

"የእሷ ጁዝ ነው፣ እማማ" አለ ጀማል፤ መጽሐፉን እንዴት እንደተካፈልነው አስረዳቸው። የወደቀውን ሰፌድ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"እናንተም ሳትኸትሙ ቀራችኋ" አሉ።

ባቀረብንበት ቀን ጌትነት መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። "የቀረው ሰዓዳ ጋ ነው። ሰዓዳ የት እንዳለች እናቷም አታውቅም" አለ። ቲቸር ጠመኔውን አስቀመጠ፣ የስም መጥሪያውን ከፈተ፣ ስሟን ጮክ ብሎ ጠራና ጠበቀ።

ሰዓዳ አልደወለችም። ዓመታት አለፉ። ዘመዶቿ፣ ሞታለች ብለው ተማክረው፣ ሰደቃ እናውጣላት፣ ኸትም ይቀራላት ብለው መጡ። እመት ዘሐራ አስቀመጧቸው፣ አበሏቸው፤ ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "አንድ ጁዝ ጎድሎ ኸትም የለም። ልጄ ጁዟን ይዛ ነው የወጣችው። ያንኑ ጁዝ ይዛ ስትመጣ ትኸትማላችሁ።" አብረው የመጡት ሼሆች ዱዓ አድርገው ተነሱ። እኔ ምድጃው ጥግ ነበርሁ፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ።

እኔ በኋላ ወደ ጅዳ በወጉ፣ በሥራ ውል ነው የመጣሁት፤ አልሐምዱሊላህ። ገበያም ሆነ መስጊድ በር ላይ የወሎ አነጋገር ስሰማ እጠጋለሁ። የሐይቅ ልጅ ሰዓዳን ታውቂያለሽ ወይ እላለሁ። አንዳንዷ አዝና ታየኛለች፤ አንዳንዷ ደግሞ የራሷን የጠፋ ሰው ስም ትነግረኝና ያንንም ጨምሬ እጠይቃለሁ።

ለዛሬ ልጆች መጽሐፉ ሙሉው በየስልካቸው አለ። ማንም የማንንም ድርሻ አይጠብቅም፤ አንዱ ቢቀር መጨረሻው አይጎድልባቸውም። የእኛ ግን ጎደለ፤ ስለጎደለም ነው የሰው ደጅ የረገጥነው። ለኢክራም ይህን ሁሉ በድምፅ ነገርኋትና ዘንድሮ ከክፍላችሁ ማን ቀረ አልኋት። "አንዲት ልጅ አለች፤ ነገ ቤቷ እሄዳለሁ፣ አክስቴ" አለችኝ። ቀጥላም "ግን ሴትየዋ በሩን አንኳኳች?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንጃ። ጣቴ ጌትነት ካቆመበት ገጽ ላይ ደርሶ ነበር። አንዴ ብነካው መጨረሻው ይመጣል። ስልኩን አጠፋሁትና መስገጃዬን አጣጠፍሁ። የሰዓዳ ጁዝ ነው።