ለስላሳ የጾም ነው

ካንሳንጋ በሚባለው ሰፈራችን ያለው ሐኪም ለልጄ ስኳሩ ከፍ ማለቱን፣ ካልተጠነቀቀም በሽታ እንደሚሆንበት ነገረው። ለስላሳ እንዲተውና በእግሩ እንዲሄድ፣ ይህም ድብርቱን እንደሚያቀልለት መከረው። ልጄ ሥራ ካጣ ወዲህ ከአልጋው እምብዛም አይነሳም ነበር። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሥጋና ወተት አልነካም፤ ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ ግን በለስላሳ ያወራርድ ነበር።

«ተው እንጂ ልጄ» አልኩት።

«እማዬ፣ ለስላሳ እኮ የጾም ነው!» ብሎ ሳቀ።

ጾሙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሱን ከእጁ እንዳልነጥቀው ትልቅ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሩ አብሮኝ እንዲሄድ ጫማዬን አድርጌ በሩ ላይ ጠበቅኩት፤ አልተነሳም።

ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምለምን ስላላወቅሁ ስለ ሳቁ አመሰገንኩ። ከሳቀ ቆይቶ ነበር።