አጥር የሌላት እንቁራሪት

ጠዋት ጠዋት አንገቷን፣ ብብቷንና የጉልበቷን እጥፋት ቫዝሊን ትቀባለች። የላስቲክ ልብሱ ያለ ቫዝሊን ሰው ይልጣል። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ትልና እግሮቿን አንድ በአንድ ታስገባለች። የአልባሳት ክፍሏ ሴትዮ ከኋላ ዚፑን ይዛ "ሆድሽን ሰብስቢ" ትላታለች፤ ዚፑ እስከ ማጅራቷ ይወጣል፤ በመጨረሻ ትልቁ ጭንቅላት ይወርድና ሰው መሆኗ ይጠፋል። ከክፍሉ የምትወጣው ወይፈን የምታክል እንቁራሪት ነች።

ሥራዋ መጎለት ነው። በመዝናኛ ፓርኩ ውስጥ "ረግረጉ" የሚባል ጨለም ያለ አዳራሽ አለ። ጎብኚው በእግሩ እየተጠማዘዘ ያልፍበታል፤ ከጣሪያው የፕላስቲክ ሐረግ ይንጠለጠላል፤ ከወለሉ ቧንቧ የሚወጣ ጉም ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠመጠማል። መንገዱ ሲታጠፍ፣ በሲሚንቶ ጉቶ ላይ እሷ ትቀመጣለች። ባልደረቦቿም "እንቁራሪት ምሳ በላች?" ይላሉ እንጂ በሌላ ስም አይጠሯትም፤ እሷም አትቀየምም።

ድሮ ዳንሰኛ ነበረች። ጉልበቷ ሲከዳት እዚህ ገባች። "ከመዝለል ወደ መጎለት" እያለች በራሷ ትቀልዳለች፤ ሆኖም መጎለቱም ጥበብ ነበረው። በእሷና በጎብኚው መካከል እስከ ወገብ የሚደርስ የእንጨት አጥር ቆሞ ነበር። ሰው እሱ ላይ ተደግፎ "አሻንጉሊት ነች"፣ "ኧረ ትተነፍሳለች" እያለ ሲከራከር እሷ ድንጋይ ሆና ትቆያለች። ክርክሩ አልቆ ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ አንዱን ዓይኗን ብቻ ቀስ አድርጋ ታንከባልላለች። ጩኸቱ ያኔ ነው። ቦርጫም ባል ሚስቱ ጀርባ ሲወሸቅ አይታ ላስቲኩ ውስጥ በሳቅ ፍርስ ያለችበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእንስሳ ቆዳ የለበሰ ሠራተኛ ቃል አይተነፍስም፤ የፓርኩ የመጀመሪያ ደንብ ይኸው ነው፤ የተናገረ ይባረራል። ስለዚህ በግራ እጇ ውስጥ አንዲት የጎማ ኳስ አለች። ቀስ ብላ ስትጨምቃት የእንቁራሪቷ ጉሮሮ ይነፋል፤ ይህ ለጌጥ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትጨምቃት ግን ጉሮሮው ይንቀጠቀጣል፤ ትርጉሙም "ድረሱልኝ" ነው። ሙቀት ሲያፍናት፣ ወይም አንዱ ሞቅ ያለው አጥሩን ሲዘል እንደዚያ ታደርጋለች፤ ከሐረጉ ኋላ የሚቆመው ዘበኛ፣ ለቁመቱ "ምሰሶ" የሚሉት፣ "እለፉ፣ እለፉ፣ ሰው ቆሟል" እያለ ብቅ ይላል። ምልክቱን የሚያውቁት እሷ፣ ምሰሶና የአልባሳት ክፍሏ ሴትዮ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ አዲሱ ንድፍ አውጪ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ የሁሉንም እጅ ይጨብጣል፤ "እርስዎ" ያለውን ሁሉ ያርማል።

"እርስዎ አትበሉኝ። እሱም አጥር ነው፤ እኔ አጥር አልወድም።"

ረግረጉን ዞሮ አየና እንጨቱን በጣቱ አንኳኳ። "በሽታው ይኼ ነው። ሰውን ሌላ ዓለም ውስጥ አስገብተን በር ላይ እናቆመዋለን። መንካት አለበት። ሰው የነካውን ነው የሚያምነው።"

እንቁራሪቷ ጭንቅላቷን አውልቃ ላቧን እየጠረገች ነበር። "ነክተውኝ ምን ያገኛሉ?" አለችው።

"ትዝታ።"

"እጃቸውንስ ይታጠባሉ?" አለ ምሰሶ ከኋላ። ሁሉም ሳቁ፤ ንድፍ አውጪውም ከልቡ ሳቀ። አጥሩ በማግስቱ ተነቀለ።

መጀመሪያ የመጣው የጣት ጫፍ ነበር፤ የሚፈራ፣ ነክቶ የሚሸሽ ጣት። እሱን ቻለችው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰዉ ለመደ፤ ከለመደ በኋላ መዳፍ፣ ከመዳፍ ቡጢ፣ ከቡጢ ክርን መጣ። ላስቲኩ ስስ ነው፤ የእጁ ሙቀት ትንሽ ዘግይቶ ያልፋል፤ እጁ ከሄደም በኋላ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። አንዷ እናት ሽንት ጨርቁ የረጠበ ሕፃን ጭኗ ላይ ዱብ አድርጋ ፎቶ አነሳች። ጎረምሶች ደረቷን እየጨመቁ "ጡት አላት፣ በለው!" ተባባሉ። አንዱ አይስክሬም የነካ እጁን ጀርባዋ ላይ ጠረገ፤ እንዲያው እንደ ፎጣ፣ ወሬውን እንኳ ሳያቋርጥ።

ከሁሉ የከፋው አፉ ነው። እሷ የምታየው በእንቁራሪቷ አፍ በኩል ነው፤ ፊቷ ከላንቃው ኋላ ነው፤ በመካከል ስስ ጥቁር መረብ ብቻ አለ። ሰው ይህን ስለማያውቅ እጁን እስከ አንጓው ይከታል። ጥፍሩ ሥር ያለው እድፍ ከአፍንጫዋ ፊት ይቆማል። የሲጋራ፣ የቅባት፣ የምራቅ ሽታ ይዞ ይገባል። አንድ የከበሩ የሚመስሉ፣ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ ያኘኩትን ማስቲካ ከአፋቸው አውጥተው "ብዪ እንጂ" እያሉ ላንቃዋ ላይ ለጠፉት። ማስቲካው እስከ መውጫ ሰዓት ዓይኗ ሥር ተንጠልጥሎ ዋለ።

ጉሮሮዋን አንቀጠቀጠች። ጎብኚው ግን በደስታ አበደ። "እዩዋት! ወደደችው!" እያለ ሌላውን ጠራ፤ ጉሮሮው በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚጨምቀው ይበዛል፤ በተጨመቀች ቁጥር ይበልጥ ታንቀጠቅጣለች። ምሰሶ ገፍቶ እስኪደርስ ድረስ ትንፋሿ አጥሮ ነበር።

ማታ ቆዳውን የምታጥበው የአልባሳት ክፍሏ ሴትዮ ነች፤ እጇ በመዘፍዘፍ ስለነጣ "ሳሙና" ይሏታል። ቆዳውን ገልብጣ አፉን በጣቷ ስትጠርግ አንድ ነገር ይዛ ወጣች፤ የደረቀ ደም ያለበት የቁስል ፕላስተር።

"ኡኡቴ! አንቺ ልጅ፣ ይኼን ይዘሽ ነው የዋልሽው?"

"እትዬ፣ አታሳዪኝ።"

"ሰው ነው ወይስ ጅብ? ጅብም ቢሆን ቁስሉን ለራሱ ይልሳል እንጂ ሰው አፍ ውስጥ አይጥልም።"

እንቁራሪቷ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ ምሳዋን መለሰችው።

በሳምንቱ ንድፍ አውጪው ራሱ ሐረጉ ኋላ ቆሞ ታዘበ። ጉሮሮው ሲንቀጠቀጥ፣ ሰዉ ሲንጫጫ፣ ምሰሶ ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዘው። "ተው! አትረብሻቸው። ሲነኳት መልስ ትሰጣለች እኮ! እኔ በገንዘብ ልሠራው የነበረውን እሷ በራሷ ፈጠረችው!" ማታ አልባሳት ክፍል መጥቶ የእንቁራሪቷን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ያ ድረሱልኝ ማለት ነው፤" አለችው።

"ምን?"

"ጉሮሮው። ምሰሶን የምጠራው በእሱ ነው።"

ፊቱ ትንሽ ደንገጥ አለ። "ይገባኛል፣ ይገባኛል። ሌላ ምልክት እናበጅልሻለን።" አንድ እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። "ግን ይኼን እንዳታቆሚው፤ እሺ?" አዲሱን ምልክት ውሃ በላው። በማግስቱ ጉቶው ላይ ሰሌዳ ተተከለ፦ "ይንኩኝ፤ ጉሮሮዬ ከተንቀጠቀጠ ደስ ብሎኛል ማለት ነው።"

ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ስኳር የእናትየዋን ዓይን ከወሰደ ወዲህ ማታ ማታ በሩ ሲከፈት ከአልጋዋ ላይ ሆና "ፊትሽን አምጪ" ትላታለች። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ትዳስስና "ዛሬ ደክሞሻል"፣ "ዛሬ ስቀሻል"፣ "ዛሬ ሳትበዪ ነው የዋልሽው፣ አትዋሺኝ" ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነች። ሰሌዳው በተተከለበት ቀን ማታ እጇን እንደ ልማዷ ዘረጋች። ጣቶቹ ከንፈር ሲነኩ ልጅቱ ሰውነቷ ሰቀጠጣት፤ ሳታስበው የእናቷን እጅ በጥፊ መትታ ወረወረችው።



"ምን ነካሁብሽ?" አለች እናትየው።

"ምንም። እጅሽ ቀዘቀዘኝ።"

እናትየው እጇን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰች። በነጋታው ማታ በሩ ሲከፈት "መጣሽ?" አለች እንጂ ፊቷን አልጠየቀችም። በሚቀጥለውም። ልጅቱ ሻወር ገብታ ቆዳዋ እስኪቀላ ትፈትጋለች፤ ንጹሕ ሆና ወጥታ አልጋው አጠገብ ትቆማለች፤ ቀረብ ልትል ስትል ያ ሁሉ እጅ ይመጣባትና ወደ ኋላ ትላለች። የሰው ጣት ሁሉ ቀፈፋት፤ የራሷም ጭምር። ጎብኚው ምን ቢያደርጋት እስከ መውጫ ሰዓት ነው፤ ይኼ መቅፈፍ ግን ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ። አጥሩ ተመልሶ ካልቆመ ወይም እሷ ከጉቶው ካልወረደች እናቷ ልጇ ምን እንደምትመስል ትረሳለች ብላ ፈራች።

ሁለት ጊዜ ንድፍ አውጪውን "እባክዎ አጥሩን ይመልሱልኝ" ብላ ለመነችው። በሁለቱም ጊዜ በጥሞና አዳመጣት። በሁለቱም ጊዜ "ሰልፉን አይተሽዋል?" አላት። ሰልፉ እውነትም ከረግረጉ በር እስከ መኪና ማቆሚያው ይደርስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ አዳራሹ ጢም ባለበት ሰዓት፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጥብስ ሲበላበት የነበረ እጁን አፏ ውስጥ ከተተ። ጓደኞቹ "ግፋ! ግፋ!" አሉት። ገፋ። መረቡ ተቀደደና ቅባት የጠገበ፣ ለብ ያለ ጣት ጥርሷን ነካ።

"እጅህን አውጣ፣ ባለጌ! ቆሻሻ! እናትህ እጅ መታጠብ አላስተማረችህም?"

ሰውየው እጁን እንደ ተቃጠለ መነጨቀ። ጉሙ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። እሷም በቃ ተባረርኩ አለች በልቧ፤ ደስ ሊላትም ጀምሮ ነበር። ከዚያ ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ሁሉም ተከተለው። "ተናገረች! እኔንም ትስደበኝ! እኔንም!" እያሉ እጅ በእጅ ላይ ተደራርቦ መጣ። ምሰሶ በዚያ ቀን ማንንም ሳያስፈቅድ ሰዉን በትከሻው እየጣሰ ገብቶ እጇን ይዞ አወጣት።

ሰኞ ንድፍ አውጪው አስጠራት። የስንብት ደብዳቤ ጠብቃ ገባች። ዓይኑ ያበራ ነበር።

"ድምፅሽን እንቀዳዋለን። እጅ አፉ ውስጥ ሲገባ በራሱ ይናገራል። 'ባለጌ' ስትዪ ያለው ያ ንዴት… ተዋናይ አያመጣውም!"

 በንጹሕ ልቡ ነበር የሚናገረው፤ ከማስቲካውም ከፕላስተሩም ይልቅ የዘገነናት ይኼ ነበር።

"ድምፄን አልሰጥም፤" አለች። "ትኬት ቤት መቀመጫ ተለቋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚያ ያዛውሩኝ።"

"አንቺን? እዚያ እኮ በመስታወት ተከልለሽ ነው የምትውዪው።"

"ስለ መስታወቱ ነው የምሄደው።"

ከልቡ አዘነ፤ ግን ፈረመላት። ወረቀቱን ሲሰጣት ለመጨበጥ እጁን ዘረጋ። እሷ ወረቀቱን ብቻ ተቀብላ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ" ብላ ወጣች።

ያን ማታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጣቱንም፣ ጥርሷንም። እናትየው እስከ መጨረሻው ሰማችና "ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔ ነኝ ያስጠላሁሽ ብዬ ነበር እኮ!" አለች።

"አንቺማ ምን አደረግሽ።"

"መንከስ ነበረብሽ።"

"ቅባቱን ልውጠው?"

እናትየው ሳቀች። ልጅቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ ራሷ አንስታ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ከግንባር ወደ ቅንድብ፣ ከቅንድብ ወደ ጉንጭ ቻለች፤ ጣቶቹ ወደ አፏ ሲወርዱ ጥርሷን ነከሰች፤ ከዚያ በላይ ግን አልሆነላትም፤ ፊቷን አሸሸች።

"ይበቃል፤" አለች እናትየው እጇን እየሰበሰበች። "ዛሬ ግማሽሽን አግኝቻለሁ።"

ትኬት ቤቱ ውስጥ የምትጀምረው ሐሙስ ነው። ቆዳው ለአንዲት አዲስ ተቀጣሪ ተሰጥቷል፤ ትከሻዋ ጠበብ ስለሚል ሳሙና ነገ ስፌቱን ታጠብበዋለች።