አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቅሁት

የበደለችኝ፣ «እትዬ» እያልኩ በአንቱታ የማናግራት የአገሬ ሴት ናት፤ ጊዜውም በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስሟን አልጽፍም። ራሷን ታውቃለች።

ባሕር ማዶ፣ ሴንት አልባንስ በሚባል ሰፈር አብረን ቤት ተከራይተን፣ በባቡር እየተመላለስን ዊሊያምስታውን ባሕሩ ዳር ያለ አሮጌ ሆቴል እናጸዳ ነበር። እንግዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን ደረጃ ፎቶ ያነሳሉ። የደረጃውን ናስ ተንበርክኬ የምወለውለው እኔ ነኝ። የባሕሩ ጨው በሁለት ቀን መልሶ ያጠቁረዋል። የትኛው መስኮት እንደሚጣበቅ፣ የትኛው ክፍል እንደሚያፈስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የክፍሎቹ ኃላፊ ጡረታ ስትወጣ የሆቴሉ ባለቤት ቢሮው አስጠራኝ። እንግሊዝኛዬ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም፤ እትዬ ልታስተረጉምልኝ አብራኝ ገባች።

«ኃላፊነቱን ላንቺ ልስጥሽ ይላል» አለችኝ።

ኃላፊ መሆን ማለት መንበርከክ ቀርቶ ቁልፍ ይዞ መዞር ነው። ጉልበቴ ደግሞ አልቋል። ግን የሰጧትን ዘላ የምትቀበል ሴት ሆኜ አላደግሁም።

«ኧረ እኔ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ይሻላል» አልኩ፣ ምንጣፉን እያየሁ። እኛ ዘንድ ይህን የሰማ ሰው «ተይ እንጂ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለ» ይላል፤ ያን ጊዜ እሺ ይባላል። እሱን እየጠበቅሁ ነበር።

ቃል በቃል ተረጎመችለት፤ ከራሷ የጨመረችው የለም። ባለቤቱ ትከሻውን ሰብቆ አንድ ነገር ጠየቃት። «የስ» አለችው።

ባቡር ውስጥ «ሰውየው ምን አለዎት?» አልኳት።

«እሷ ካልፈለገች አንቺ ያዢው አለኝ።»

«እትዬ፣ እንደዚያ ማለቴ እንዳልሆነ ጠፍቶዎት ነው?»

«የልብሽን በምን አውቃለሁ? ያልሽውን አልኩለት» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የፋሲካ ማግስት ሹመቷን ምክንያት አድርጋ ሰው ጠራች። በሰው ሁሉ ፊት ጉርሻ ይዛ «እንቺ ጉረሺ» እያለች መጣችብኝ።

«በቃኝ» አልኩ።

«በሞቴ።»

«በቃኝ።»

«ኧረ በሞቴ፣ አፈር ስሆን።»

ሦስት ጊዜ ለመነችኝ። ባለቤቱ ፊት «አንዴ ድገምላት» ማለት ያቃታት ሴት ጉርሻ ላይ አልሰነፈችም።

አልጎረስኩም። በዚያው ሳምንት ቤቱንም ሆቴሉንም ለቀቅሁ። ማሪቢርኖንግ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጽዳት ገባሁ። እዚያ ያለው አለቃ የጠዋቱን ሺፍት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳይጨርስ «የስ» አልኩት።